አንድ ልጅ ሲያነብ መስማት

(ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አማርኛ የምታስተምር መምህርት፣ እና በ2ኛ ክፍል የማስተማር ልምምዱን ጨርሶ የተመለሰ ሰልጣኝ።)

ሰልጣኝ፦ መምህር፣ የልምምድ ሪፖርቴን ይዤ መጥቻለሁ። ከማስረከቤ በፊት ግን የምጠይቅዎት አለ። ቅጹ ላይ የምጽፍበት ቦታ ያጣሁለት ጉዳይ ነው።

መምህርት፦ ተቀመጥና ንገረኝ።

ሰልጣኝ፦ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ምንባብ እንድታነብ ስትጠራ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አንድም ቃል ሳትስት ትወጣዋለች፣ ይጨበጨብላታል። አንድ ቀን አጠገቧ ቆሜ ሳይ ጣቷ ያለው ሌላ መስመር ላይ ነው። ገጹን ገለጥኩና አንዲት አጭር ቃል አሳይቻት «ይችን አንብቢልኝ» አልኳት። ዝም አለች። ሌላ አሳየኋት፤ አሁንም ዝም። ለካ ምንባቡን በቃሏ ይዛው ነው።

መምህርት፦ በጋራ ሲደግሙ የያዘችው ነው።

ሰልጣኝ፦ አዎ። መምህሩ ያነባል፣ ክፍሉ ይቀበላል፤ ሲደጋገም ይያዛል። የክፍሉን መምህር ሳማክራቸው አልደነቃቸውም። «እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው፤ ለነሱ ስትል ሌላውን አታስቀር፣ መጽሐፉ ማለቅ አለበት» አሉኝ። በክፉ አይደለም ያሉት፤ ከ70 በላይ ልጅ ነው የያዙት። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ሦስት ዓመት ስለ ማስተማር ዘዴ ተምሬ፣ ለዚች አንዲት ልጅ ምን እንደማደርግ የሚነግረኝ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አጣሁ።

መምህርት፦ የምትለው የአንድ ክፍል ወሬ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ተጠርቶ፣ መዛኙ ፊት ተቀምጦ ነው የተፈተነው። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 3ኛ ክፍል ላይም 20 በመቶው እንደዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሠርቷል። ሪድ በሚባል የንባብ ፕሮጀክት አማካይነት በሰባት ቋንቋዎች፣ ማለትም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፣ መምህራን ሠልጥነዋል። እንዲያም ሆኖ የዓለም ባንክ ከዓመታት በኋላ ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም።

ሰልጣኝ፦ እንዲህ ያለ ቁጥር ስሰማ ተስፋ እቆርጣለሁ። ችግሩ ከኔ በላይ እንደሆነ ነው የሚነግረኝ።

መምህርት፦ ቁጥሩን ለሚኒስቴሩ እንተወው። አንተ ስለ ልጅቷ ንገረኝ። የማታውቀው ምንድን ነው?

ሰልጣኝ፦ ማንበብ አትችልም።

መምህርት፦ እሱን የክፍሉ መምህርም ያውቃሉ። የታመመ ልጅ ይዛ ለመጣች እናት ሐኪሙ «ልጅሽ ታሟል» ብሎ ቢመልሳት ምን ረዳት? የት ላይ ነው የተሰናከለችው? ፊደል ለይታ ታውቃለች?

ሰልጣኝ፦ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር ትቆጥራለች።

መምህርት፦ ቅደም ተከተሉን ሳትከተል ብትጠይቃትስ? ከመሀል «ኖ»ን ብትነጥልላት፣ ወይም «ሜ»ን?

ሰልጣኝ፦ እንደሱ አልሞከርኩም።

መምህርት፦ ቄስ ትምህርት ቤት የገቡ ሰዎች ይህን ያውቁት ነበር። ልጁ መጀመሪያ በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁን ወደ ጎን ይዘልቃል። ከዚያ የኔታ ዝም ብለው ወደ መጽሐፍ አያሻግሩትም፤ ወደ አቡጊዳ ይወስዱታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት፣ ከሌላ መደብ የመጣ ነው። ሀሁን እንደ ዜማ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በመልኩ ካላወቀው አንድ እርምጃ አይሄድም። ያ ገበታ ፈተናም መድኃኒትም ነበር። እኛ ዘመናዊ ነን ብለን ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ሀሁን በኅብረት እናስጮሃለን፣ አቡጊዳን ግን ረስተነዋል።

ሰልጣኝ፦ ግን መምህር፣ ያ ትምህርት አርጩሜ ነበረበት። ልጁም የሚያነበው ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊት ይደግማል። ወደዚያ እንመለስ ማለትዎ ነው?

መምህርት፦ አርጩሜው ይቅር፣ አንድም ልጅ በፍርሃት ንባብ አይማር። ትርጉም ሳይገባ መድገምም ይቅር። አንድ ነገር ግን አይቅርብን። የኔታ ፊት እያንዳንዱ ልጅ በየተራው፣ ብቻውን ይቀርባል። የኔታ ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰሙታል። «ይችን አላወቅሃትም፣ ነገም እዚሁ ነህ» ይሉታል። በቄስ ትምህርት ቤት ሳይሰማ የሚያልፍ ልጅ የለም። በኛ ትምህርት ቤት ግን አንድ ልጅ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሲያልፍ፣ ብቻውን ሲያነብ የሰማው አንድም መምህር ላይኖር ይችላል። ያቺ ያልከኝ ልጅ 2ኛ ክፍል የደረሰችው እንደዚያ ነው።

ሰልጣኝ፦ እሺ፣ ፊደሉን በትክክል የሚለዩም ነበሩ። አንድ ልጅ ያሳየሁትን ሁሉ ነገረኝ። «ትምህርት» የሚለውን አንብብ ስለው ግን ት… ም… ህ… ር… ት… አለና ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳነበበ አላወቀም።

መምህርት፦ አየህ፣ ይህ ሌላ ሕመም ነው፤ የመጀመሪያዋን ልጅ በምትረዳበት መንገድ ይህን ልጅ ብትረዳው ጊዜውን ታቃጥላለህ። ቃሉን ልብ ብለህ እየው። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። በአፋችን ስንናገረው «ትም» ብለን «ህርት» እንላለን፤ ሁለት ምት ነው። ልጁ ግን እያንዳንዱን ፊደል ሙሉ ድምፅ እየሰጠ አምስት ምት አደረገው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶበታል። ሳድስ አንዴ ድምፅ ይኖረዋል፣ አንዴ አይኖረውም፤ ጽሕፈታችን ደግሞ ያንን አያመለክትም። በዚያ ላይ መልኩም እንደ ካዕብና እንደ ሣልስ በአንድ ሕግ አይገዛም፤ ል፣ ር፣ ን፣ ብ ሁሉም የየራሳቸው አመል አላቸው። በ33ቱ ቤት ሰባት ሰባት ስትል 231 ፊደል ነው የምታስጠናው። ከሁሉ ደጋግሞ የሚመጣውና ከሁሉ የሚያስቸግረው ይኸው ሳድስ ነው። ይህን የማያውቅ መምህር «ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያቃተው ደደብ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ሰልጣኝ፦ ታዲያ እንዴት ይታከማል?

መምህርት፦ ከቀላሉ ጀምር። «ላባ»ን ያነባል፤ ሁለቱም ራብዕ ናቸው፣ እንደተጻፉ ይነበባሉ። ቀጥሎ «ላም» ስጠው። «ላ-ም» ብሎ ሁለት ቢያደርገው «እስቲ በፍጥነት በለው፣ ቤታችሁ አለች፣ ወተት ትሰጣለች» በለው። አፉ የሚያውቀውን ዓይኑ ካየው ጋር ሲያገናኝ ታየዋለህ፤ ፊቱ ይፈታል። ከዚያ «በግ»፣ «ቤት»፣ ከዚያ ሁለት ሳድስ ያለው «ልብ»። «ትምህርት» ላይ የሚደርሰው ሳምንታት ቆይቶ ነው። ችግሩ መጽሐፉ ሽፋን ላይ «ትምህርት» የሚል ቃል መኖሩ ነው እንጂ!

ሰልጣኝ፦ ሦስተኛ ዓይነትም ነበር። ፈጥኖ ያነባል፣ አይሳሳትም፣ ስለ ምን እንዳነበበ ብጠይቀው ግን አንድም ነገር አይመልስም።

መምህርት፦ እሱን መጽሐፉን ዝጋና አንተ አንብብለት። ሰምቶም ካልገባው ችግሩ ፊደል ላይ አይደለም፤ ቋንቋው ላይ ነው። ቤቱ አዊኛ ወይም ኽምጣንግኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት ይሆናል። ወይም ምንባቡ የማያውቀውን ኑሮ ያወራ ይሆናል። ሰምቶ ከገባው፣ አንብቦ ግን ካልገባው ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ ፊደል በማሳደድ ነው ያለቀው። ጎፍና ተንመር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ነገር በቀላሉ አስቀምጠውታል፦ አንብቦ መረዳት ፊደሉን የመፍታት ችሎታና ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ ብዜት ነው አሉ። ብዜት ነው፣ ድምር አይደለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። አማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለው። ጥብቀት አንጽፍም። «ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ» ላይ ያለው «ገና» ለዓይን አንድ ነው። ልጁ የትኛውን እንደሚጠራ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲገባው ብቻ ነው። እንግዲህ ለኛ ልጅ መረዳት ከንባብ በኋላ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ለማንበብም ያስፈልገዋል።

ሰልጣኝ፦ የኋላ ወንበር ላይ ሁሌ የሚሳሳት አንድ ልጅ ነበር፣ ፊት ወንበር ስናመጣው ተሻለው።

መምህርት፦ ዓይኑ ነው። ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፤ ያያል ወይ? ይሰማል ወይ? ምንም ገንዘብ አይፈልግም።

ሰልጣኝ፦ መምህር፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን እንደገና ልበልዎት፤ 70 ልጅ ነው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ሁለት ፈረቃ ነው፣ መጽሐፉ ደግሞ ማለቅ አለበት። እርስዎ የሚናገሩት ለአንድ አስተማሪ አንድ ተማሪ ለሚሰጥበት አገር ነው።

መምህርት፦ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድን ልጅ ለመስማት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በቀን አምስት ልጅ ብትሰማ 10 ደቂቃ ነው። 70ውን በ14 የትምህርት ቀን ታዳርሳለህ፤ ሦስት ሳምንት አይሞላም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ሁሉንም ሰምተህ፣ ማን ምን እንደጎደለው ደብተርህ ላይ አስፍረሃል ማለት ነው። መሣሪያውም አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ህንድ አገር ፕራትሃም የሚባል ድርጅት አለ፤ መንደር ለመንደር የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች ይዘውት የሚዞሩት መመዘኛ አጭር ነው። ፊደላት፣ ቃላት፣ አጭር አንቀጽ፣ ትንሽ ታሪክ። ልጁ የትኛው ላይ እንደሚቆም ይታያል፣ በዚያው ይመደባል። ከዚያ በቀን ለተወሰነ ጊዜ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ልክ ተሰብስበው ይማራሉ። በህንድ መንግሥት ትምህርት ቤቶችም ሠርቷል።

ሰልጣኝ፦ አምስቱን ስሰማ ሌሎቹ 65ቱ ምን ያደርጋሉ? ክፍሉ ይፈርሳል።

መምህርት፦ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ኮሌጁም ሊያስተምርህ የሚገባው ይህን ነበር። ጥንድ ጥንድ አድርጋቸውና ትናንት የተማሩትን ገጽ አንዱ ለአንዱ ያንብብ፤ ሁለት ሳምንት ሥርዓቱን ካስለመድካቸው ይሄዳል። «አንድ ለአምስት» እንደሚባለው ባለ የተማሪ ቡድን አደረጃጀት ግን አትተማመን። በቡድኑ ውስጥ ጎበዙ ይናገራል፣ ደካማው ከጀርባው ይደበቃል። ጥንድ ላይ መደበቂያ የለም። መጽሐፉን ስለ መጨረስ ግን አልከራከርህም፤ ማለቅ አለበት ያሉህ ሰው የበላይ ተቆጣጣሪ የሚጠይቃቸው እሱን ስለሆነ ነው። መለወጥ ያለበት ጥያቄው ነው። ሱፐርቫይዘሩ «ስንተኛ ገጽ ደረስክ» ከሚል «ስንት ልጅ ሰማህ፣ የሰማህበትን አሳየኝ» ይበል።

ሰልጣኝ፦ እኛንስ የጠየቃችሁን ምን ነበር? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም ሊያዩኝ ሲመጡ የያዙት ቅጽ የዕለቱን ዕቅድ፣ የሰሌዳ አጠቃቀሜን፣ ድምፄን፣ የሰዓት አጠቃቀሜን፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያዬን ነው የሚመዝነው። ልጆቹ ማንበብ መቻል አለመቻላቸው ቅጹ ላይ የለም። የኋላ ወንበር ተቀምጠው እኔን አዩ፤ እነሱን አላዩም።

መምህርት፦ አባባልህ ልክ ነው። ቅጹ መለወጥ አለበት ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው። ሰልጣኙ በቆንጆ እጅ ጽሕፈት ዕቅድ አውጥቶ፣ ባለ ቀለም ካርቶን ሰቅሎ፣ ልጆቹን አስጨብጭቦ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ይመረቅና 1ኛ ክፍል ይሰጠዋል፤ ልጅ ሲያነብ ሰምቶ ስህተቱን መለየት ግን አንድም ቀን አልተለማመደም። አንድ ነገር ልንገርህ። በኒውዚላንድ ማሪ ክሌይ የምትባል ተመራማሪ ነበረች። መምህሩ ልጁ ሲያነብ እየሰማ፣ በትክክል ያነበበውን፣ የቀየረውን፣ የዘለለውን፣ ስቶ ራሱን ያረመውን በምልክት የሚመዘግብበት ዘዴ አወጣች። በእሷ ፕሮግራም የሚሠለጥኑ መምህራን አንዱ በመስታወት ወዲያ እውነተኛ ልጅ ሲያስነብብ፣ ሌሎቹ በመስታወቱ ወዲህ ተቀምጠው እያዩ ይወያያሉ፤ «አሁን ለምን ቆመ? እኔ ብሆን ምን እለው ነበር?» እያሉ። ፕሮግራሙ ራሱ በኋላ ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ ልጁ ቃሉን ከሥዕሉና ከዐውዱ እንዲገምት ማድረጉን ብዙዎች ይቃወሙታል፣ እኔም እቃወመዋለሁ። ፊደል ይነበባል እንጂ አይገመትም። ሰልጣኝን በሕያው ልጅ ፊት አስቀምጦ ማሠልጠኑን ግን ልንወስደው ይገባል።

ሰልጣኝ፦ መስታወት ያለው ክፍል ከየት ይመጣል?

መምህርት፦ መስታወቱ አያስፈልግም። ኮሌጃችን አጠገብ ትምህርት ቤት አለ። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰልጣኝ ሄዶ አንድ ልጅ፣ አንድ ሰልጣኝ ሆኖ ዛፍ ሥር ይቀመጥ። ሁለት ደቂቃ ይስማ፣ ይመዝግብ። ሲመለስ የሁላችሁንም ምዝገባ ሰሌዳ ላይ አውጥተን እንከራከርበት። እኔ ሥልጣኑ ቢኖረኝ የልምምዱን ግማሽ ነጥብ ለዚህ እሰጠው ነበር፦ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ንባብ ያቃተው አንድ ልጅ ይያዝ፣ ልምምዱ እስኪያልቅ ይከተለው፣ መጨረሻ ላይ የት እንዳገኘውና ምን እንዳደረገለት በማስረጃ ያሳይ።

ሰልጣኝ፦ በዚህ አልስማማም። ልጁ ካልተለወጠስ? ጥቂት ሳምንት ሁለት ዓመት የቀረውን አይመልስም። ነጥብ የሚሰጠው በሱ ከሆነ ሰልጣኙ የሚመርጠው ጎበዙን ነው፣ ወይም ይዋሻል።

መምህርት፦ ነጥቡ ልጁ በመለወጡ አይሰጥም፤ ሰልጣኙ ችግሩን በትክክል በማወቁና ለዚያ ችግር የሚሆን ሥራ በመስጠቱ ነው። ልጁን ደግሞ ሰልጣኙ አይምረጠው፣ የክፍሉ መምህር ይስጡት።

ሰልጣኝ፦ ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ልጁ ለብቻው ሲጠራ ያፍራል። ጓደኞቹ «ሰነፎቹ ተጠሩ» ይላሉ። ማጠናከሪያ ትምህርት ቅዳሜ ሲባል የማይመጡት ለዚህ ነው፤ እኔ አይቼዋለሁ።

መምህርት፦ ሁሉም ከተጠራ የሚያፍር የለም። ጎበዙም፣ ደካማውም በየተራው መምህሩ ፊት ቀርቦ ያንብብ። ተራ የደረሰው ሁሉ በደስታ ነው የሚመጣው፤ ከ70 ልጅ መካከል ለሁለት ደቂቃ መምህሩ የሱ ብቻ ይሆናልና። «ሰነፍ» የሚለውን ግን ከመምህር አፍ ማውጣት አለብን። አንድ ልጅ ሰባት ዓመቱ ላይ ሰነፍ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የጎደለውን ነገር በስሙ ጥራው፦ «ሳድስ ላይ ይሰናከላል»፣ «ኘ እና ነን ያምታታል»፣ «አማርኛ ይከብደዋል» በል። በስሙ ስትጠራው የምታደርገውም አብሮ ይመጣል።

ሰልጣኝ፦ ስመረቅ 1ኛ ክፍል ቢሰጡኝ ብቻዬን እንዴት እንደምወጣው አላውቅም። ልምድ ያላቸው መምህራን ወደ ላይኛው ክፍል ነው የሚሸሹት። 1ኛ ክፍል የሚደርሰው ለአዲስ መጪ ወይም ለተቀጣ ሰው ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

መምህርት፦ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው፤ እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ቢሰጡህ ተቀበል፤ በአንደኛው ሳምንት መስማት ጀምር፣ የመዘገብከውን ይዘህ ወደኔ ና፣ በሬ ክፍት ነው። አንተን ብቻ ግን አልጠይቅም። ኮሌጆች ለልምምድ ስትልኩ ሰልጣኙን ልጅ ሲሰማ መዝኑት። ርዕሳነ መምህራን ደግሞ ለመስከረም ድልድል ስታወጡ ከመምህሮቻችሁ ሁሉ የተሻለውን 1ኛ ክፍል መድቡት፤ ደመወዙንና ክብሩንም አትቀንሱበት። አዲስ ተመራቂ ከመጣላችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ከዚያ መምህር ጋር ይሥራ። ይህን ለማድረግ ከላይ መመሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ድልድሉን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ።